ስለ ፈቃደኞች ጽዳትና ስለ ሹማምንት ድርሻ

ሰው ባለበት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ጥራጊ አለ። ዳሩ ግን የአባቶቻችን ጥራጊ አመድና ገለባ፣ የምግብ ትራፊና ፍግ ስለ ነበረ መሬት ተቀብላ አፈር ታደርገው፣ ገበሬውም መልሶ ለእርሻው ይጠቀምበት ነበር። የዛሬው ግን እንደዚያ አይደለም። ሕዝባችን ፌስታል የሚለው መያዣና ሃይላንድ የሚለው የውኃ ዕቃ ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ዝናም ቢመታቸው ፀሐይም ቢያቃጥላቸው እየተሰባበሩ ይደቅቃሉ እንጂ አፈር አይሆኑም። ሊቃውንት በ2017 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ባወጡት ስሌት፣ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዓለም የተሠራው ፕላስቲክ 8.3 ቢሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ከተጣለው ውስጥ ተመልሶ ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 እጅ ብቻ ነው።

የዚህን ክምር ብዛት ሰምቶ «እኔ አንዱ ሰው ባነሣ ባላነሣ ምን ይለወጣል?» የማይል ጥቂት ነው። እንዲህ ያላለ አንድ ሰው በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ተገኘ። አፍሮዝ ሻህ የተባለ ወጣት ጠበቃ በቬርሶቫ ባሕር ዳር ካለ ቤት ገብቶ ወደ ውጭ ቢመለከት፣ አሸዋው በጥራጊ ተሸፍኖ አገኘው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ84 ዓመት ሽማግሌ ጎረቤቱን ይዞ ወረደና በእጁ ያነሣ ጀመር። ሁለት ሰዎች የጀመሩት ሥራ በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሰው እየተጨመረበት ሄደ፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ተማሪውም፣ የሲኒማ ተዋናዩም ጐንበስ ብሎ ለቀመ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም. ይህን ሰው ሸለመው።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ይናገረዋል። ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ሥልጣን ላላቸው፣ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ሥራው 109ኛ ሳምንቱን ይዞ ሳለ፣ ጠበቃው ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ወሮበሎች ፈቃደኞቹን እየሰደቡ ማወካቸው ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ ላቡን አፍስሶ የሰበሰበውን ጥራጊ ከባሕሩ ዳር በጊዜው የሚያነሣ መታጣቱ ነው። በባሕር ዳር ተሰብስቦ ያደረውን ማዕበል መጥቶ እንደሚበትነው የታወቀ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ለጥራጊው ያልተበገረ ክንድ በሹማምንት ዳተኝነት ዛለ። የማሐራሽትራ ክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር ለመርዳት ቃል ከሰጡ በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ በመጋቢት 2018 ዓ.ም.ም በዚያ ሥፍራ ለብዙ ዓመታት ያልታየው የባሕር ዔሊ ጫጩት ከአሸዋው ተፈልፍሎ ሰማንያ ያህሉ ወደ ውኃው ሲሄዱ ታዩ።

በኤስቶንያ የሆነውም ከዚህ ጋራ ይስማማል። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል በሆነችው በዚህች አገር በ2008 ዓ.ም. 50,000 ሰዎች በአንድ ቀን ወጥተው 10,000 ቶን ያህል ጥራጊ ከየዱሩ ሰበሰቡ። እኛ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ከቀኑ በፊት የተሠራውን እናደንቃለን፤ ፈቃደኞቹ አስቀድመው በየዱሩ ዞረው፣ ከሕግ ውጭ የተጣለበትን ከ10,000 የሚበልጥ ሥፍራ በካርታ መዝግበው ነበር። ከዚያ ጅምር የተነሣ የዓለም የጽዳት ቀን በ2018 ዓ.ም. መከበር ጀመረ፤ በ2023 ዓ.ም.ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሴፕቴምበር 20 ቀን እንዲሆን ወሰነ። ቀኑ ዕንቍጣጣሽ አልፎ መስቀል ሳይደርስ የሚውል ስለ ሆነ፣ ለእኛ ለማስታወስ አያስቸግርም።

ነገር ግን ከመንገድ የተነሣ ጥራጊ ሥፍራውን ለወጠ እንጂ ጠፋ አይባልም። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻንም። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ሥፍራ ለሃምሳ ዓመት ያህል የተከመረው፣ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ተንዶ በግርጌው ያሉትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ያን ክምር የከመርነው የከተማው ሰዎች ሁላችን ነን፤ የሞቱት ግን በሥሩ ያደሩት ናቸው። ፕላስቲክን ከምንጩ ለመወሰን መንግሥታት ያደረጉት ንግግርም በ2025 ዓ.ም. በጄኔቭ ያለ ስምምነት ተበትኗል።

በጥምቀት ዋዜማ የሰፈር ወጣቶች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ጠርገው ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ግን በሜዳው የተበተነውን ሃይላንድ አይተን እናልፋለን። ካህናት ሕዝቡን ሲያሰናብቱ፣ ባዶውን ዕቃ እያንዳንዱ ይዞ እንዲገባ አንድ ቃል ቢጨምሩ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ለሹማምንቱም የምንለው አለ። ወጣቶች «ቅዳሜ ወንዙን እናጸዳለን» ብለው ሲመጡ፣ መፍቀድና ከእነርሱ ጋራ ፎቶግራፍ መነሣት ቀላል ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ የተጫነው ወዴት እንደሚራገፍ፣ ሰኞም መልሶ እንዳይጣል በዚያ ሥፍራ ገንዳ የሚቆምበትን ቀን ጽፈው በፊርማቸው ይስጡአቸው።