ጦርነት በወረቀት፣ ዕርቅ በጓዳ

አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ከትዳር ጓደኛችሁ ወይም ከአንድ ወንድም ጋር ስትጋጩ በልባችሁ ያለውን ሁሉ ጽፋችሁ አገር እንዲያነብበው ትፈቅዳላችሁ? ብዙዎቻችን “ጌታ ይጠብቀን” እንላለን። ነገር ግን ክርክራቸውን ሁሉ በአደባባይ ያወጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ያውም መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ስለ እምነታቸው ዋጋ ለመክፈል የተዘጋጁ ሰዎች። ዘመኑ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት የታመሰችበት ከ1642 እስከ 1651 ያለው ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማተሚያ ቤቱ በር ሲከፈት

በአንድ በኩል ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ጳጳሳቱን የሚደግፉ፣ በሌላ በኩል ፓርላማውና የቤተ ክርስቲያንን ተሐድሶ ዳር ለማድረስ የሚሹት ፒዩሪታኖች ተሰለፉ። በሁለቱም ሰልፍ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በሁለቱም ሰልፍ ከውጊያ በፊት ይጸለይ ነበር።

ከዚያ በፊት ያለ ባለሥልጣናትና ያለ ጳጳሳት ፈቃድ ማሳተም ያስቀጣ ነበር። በሐምሌ 1641 ግን ፓርላማው አታሚዎችንና ጸሐፊዎችን ይቀጣ የነበረውን ስታር ቻምበር የተባለ ፍርድ ቤት አፈረሰ። ቁጥጥሩ ላላ፤ በራሪ ጽሑፍም አገሩን ሞላው። እኛ ትራክት ከምንለው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ አንዳንዱ አንድ ወረቀት፣ ብዙው ደግሞ ታጥፎ የተሰፋ ጥቂት ገጽ። ጆርጅ ቶማሰን የተባለ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ከ1640 እስከ 1661 ድረስ እየለቀመ ያስቀመጠው ብቻ 22,000 ያህል ነው። ክምችቱ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል።

በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ምን ነበረ? ስብከት፣ የጦር ሜዳ ወሬ፣ አቤቱታ፣ ትንቢት፣ ስድብም ጭምር። የንጉሡ ወገን ከኦክስፎርድ፣ የፓርላማው ወገን ከለንደን በየሳምንቱ እያሳተሙ ይመላለሱ ነበር። በ1643 ለፓርላማው ወታደሮች የኪስ መጽሐፍ ቅዱስ ተብሎ የታተመው ባለ 16 ገጽ ጽሑፍ ደግሞ ጥቅሶችን በርዕስ የሰበሰበ ነው። ከርዕሶቹ አንዱ ወታደሩ ጠላቶቹን የእርሱ ጠላቶች ስለሆኑ እንዲወድዳቸው፣ የእግዚአብሔር ጠላቶች ስለሆኑ ግን እንዲጠላቸው ይመክራል። ልብ በሉ! በጦር ሜዳ ማዶ የቆመው ግን የዚያው ጌታ ስም የሚጠራ ጎረቤት ነበር።

አንድ ቤት፣ ሁለት ሰልፍ

ጦርነቱ በየጓዳው ገባ። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የባለቅኔው የጆን ሚልተን ቤት ነው።

ሚልተን በ1642 አጋማሽ፣ በ33 ዓመቱ፣ ሜሪ ፓወል የተባለች የ17 ዓመት ልጅ አገባ። እርሱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ የሚጽፍ የፓርላማው ደጋፊ ነው። የእርስዋ ቤተ ሰቦች ኦክስፎርድ አጠገብ የሚኖሩ የንጉሡ ወገን ናቸው፤ አባትዋም የሚልተን ባለዕዳ ነበሩ። ሜሪ እንግዳ ከማይጠፋበት፣ ሳቅና ጨዋታ ከሞላበት ቤት ወጥታ መጻሕፍት ወደ ሞሉበት ጸጥተኛ ቤት ገባች። በዚያ ቤት የሚማሩት የባልዋ የእኅት ልጆች ሲገረፉ የሚያሰሙት ለቅሶ ያስጨንቃት እንደነበር በዘመኑ ተጽፎአል።

አንድ ወር ያህል ቆይታ ወላጆችዋን ለመጠየቅ ሄደች። በመስከረም መጨረሻ እንድትመለስ ተስማምተው ነበር፤ አልተመለሰችም። በመካከሉ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ንጉሡም ኦክስፎርድን ዋና ሰፈሩ አደረገ። በዚያ ቤት ይኖር የነበረው የእኅቱ ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ በኋላ እንደጻፈው፣ ሚልተን የላካቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም፤ የላከው መልእክተኛም ተንቆ ተመለሰ።

ሕመሙ መጽሐፍ ሲሆን

በነሐሴ 1643 ስለ ፍቺ የሚከራከር አንድ ጽሑፍ ያለ ጸሐፊ ስምና ያለ ፈቃድ ታተመ። ጸሐፊው ሚልተን ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በዝሙት ምክንያት ባልና ሚስት ተለያይተው እንዲኖሩ ቢፈቅድም እንደገና ማግባትን አይፈቅድም ነበር። ሚልተን ዘፍጥረት 2ን መሠረት አድርጎ፣ እግዚአብሔር ትዳርን የሰጠው አስቀድሞ ለብቸኝነት መድኃኒት እንዲሆን ስለሆነ፣ የልብ አለመግባባት ለፍቺ በቂ ምክንያት ነው አለ። ዘዳግም 24ን ከማቴዎስ 19 ጋር ለማስታረቅም ብዙ ደከመ። በዚህ ጉዳይ እስከ 1645 አራት ጽሑፎች አሳተመ። በአንዱም ላይ የሜሪን ስም አላነሣም።

ትርጓሜውን ለመመርመር መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ክርክር መፍታት አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ስለ ብቸኝነት እንዲህ አጥብቆ የጻፈው ሰው ለብቻው የቀረ ባል ነበር። ሜሪስ? ስለ ዝምታው ቤት፣ ስለ ናፍቆትዋ፣ ስለ ፍርሃትዋ አንድም በራሪ ጽሑፍ አልጻፈችም። የታሪኩን አንድ ወገን ብቻ አገር አነበበው።

ቃል ከእጅ ከወጣ በኋላ

ቁጣው ወዲያው መጣ። በነሐሴ 1644 ኸርበርት ፓልመር የተባለው ሰባኪ በፓርላማው ፊት ቆሞ መጽሐፉ ሊቃጠል የሚገባው ነው አለ። ፓርላማው ራሱም በ1643 የቅድመ ኅትመት ፈቃድን በሕግ መልሶ ነበር። ሚልተን ይህን ሕግ በመቃወም በኅዳር 1644 “አሪዮፓጂቲካ”ን አሳተመ። እውነት በነጻ ክርክር ስትፈተን አትሸነፍም የሚለው ይህ ጽሑፍ ዛሬም በኅትመት ነጻነት ወዳዶች ዘንድ ይጠቀሳል። እርሱ ራሱ ግን ለካቶሊኮች ያንን ነጻነት አልፈቀደም፤ የፍቺ ጽሑፉን የነቀፈውንም ሰው በ1645 በስድብ አዋረደው።

በ1646 ደግሞ ቶማስ ኤድዋርድስ የተባለ የፕሪስቢቴሪያን አገልጋይ “ጋንግሪና” የሚል መጽሐፍ በሦስት ክፍል አወጣ። ስሙ ከሚበሰብስ ቁስል የተወሰደ ነው። ከ170 በላይ ስሕተቶችን ዘረዘረ፤ ከየቦታው በደብዳቤ የደረሰውን ወሬም ጨመረ። በዚያ ውስጥ ወይዘሮ አታዌይ የምትባል የለንደን ሰባኪ አለች። ኤድዋርድስ እንደጻፈው የሚልተንን የፍቺ ትምህርት ጠቅሳ፣ ባልዋን ትታ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከተወ ሰው ጋር ሄደች። እውነት ይሁን አይሁን፣ ስለ እርስዋ የምናውቀው በአብዛኛው ባላጋራዋ የጻፈውን ነው። ከ350 ዓመት በላይ በባላጋራ ብዕር ብቻ መታወቅ እንዴት ከባድ ነው!

ሚልተን በ1654 ያንን ጽሑፍ ሁሉም በሚያነብበው የአገሩ ቋንቋ ባልጻፍሁት ኖሮ ብሎ ተመኘ። ወረቀቱ ግን ተበትኖ ነበር።

ከሌላው ክፍል የወጣችው ሚስት

በሰኔ 1645 የንጉሡ ሠራዊት ናዝቢ ላይ ድል ሆነ። የፓወል ቤተ ሰብ አሁን ጥላ አስፈለገው። በዚያን ጊዜ ሚልተን ሌላ ሴት ለማግባት አስቦ ነበር። አንድ ቀን ወደ ዘመዱ ቤት እንደ ልማዱ ሲሄድ፣ ሜሪ ከሌላ ክፍል ወጥታ በፊቱ ተንበረከከችና ይቅርታ ለመነችው። ፊሊፕስ እንደሚለው መጀመሪያ ፊቱን ሊያዞር ቃጣው። በኋላ ግን ቂም ከመያዝ ይልቅ ወደ ዕርቅ የሚያደላው ልቡና ከሁለቱም ወገን የሆኑ ወዳጆች ምልጃ አሸነፉት። በእኛ አነጋገር ሽማግሌ ገባ ማለት ነው።

ዕርቁን አናሳምረው፤ የጦርነቱ ውጤትና የቤተ ሰቡ ችግርም ገፍቶታል። ፍሬው ግን ታየ። በ1646 የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ እጁን ሲሰጥ፣ መልእክተኛውን ንቀው የመለሱት አማቾቹ ንብረታቸውን አጥተው ወደ ለንደን መጡ። ሚልተን ቤቱን ከፈተላቸው። የሚስቱ አባት ያረፉትም በእርሱ ቤት ነው። ሜሪ አራት ልጆች ወልዳ በ1652 ከአራተኛው ወሊድ በኋላ ሞተች። በዚያ ዓመት ሚልተን ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በ1667 በታተመው ታላቁ ግጥሙ፣ በአዳምና በሔዋን ታሪክ ላይ፣ ሔዋን በአዳም እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ስትለምን እርሱም ሲታረቃት ጽፎአል። ብዙ አንባቢያን በዚያ ውስጥ የሜሪን መመለስ ያያሉ።

እኛስ?

የዛሬው በራሪ ጽሑፍ በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እነዚህን ተነጋገሩባቸው።

1. ስለ ጠባችን ለሌላ ሰው የነገርነው፣ እርስ በርሳችን ግን ያልተነጋገርነው ነገር አለ?

2. በአገር ጉዳይ ወይም በትምህርት ከእኛ የሚለየውን ወንድም በራሱ አንደበት ሰምተነዋል ወይስ ባላጋራው የጻፈውን ብቻ ነው ያነበብነው?

3. ወደ ቤታችን ሊመለስ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ የሚገባበት በር አለው? ስለ እኛ የሚማልድ ወዳጅስ ከሁለቱም ወገን አለን?

ሚልተን በአራት ጽሑፎች ያልፈታውን ነገር አንድ የፊት ለፊት ንግግር ፈታው። ጽሑፍ መልካም ነው፤ ለእውነት መከራከርም ይገባል። ለባለቤታችሁ ያላችሁን ቃል ግን ለባለቤታችሁ ንገሩ። ዛሬ ማታ ጀምሩ።