ደቅ፦ እሳተ ገሞራ የሠራው የጣና ዳርቻ

ከጎንደር አጠገብ ባለችው ጠዳ ለሚኖር ሰው ቅርብ ከሆኑት የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አንዱ ጣና ላይ ነው፤ ደቅ ይባላል። ከጣና ደሴቶች በስፋት የሚወዳደረው የለም። 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ገበሬ ያርስበታል፣ ዓሣ አስጋሪ ይኖርበታል፣ ካህናት ይቀድሱበታል።

ጣና ራሱ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። በደቡብ፣ ዛሬ ባሕር ዳር ባለችበት በኩል፣ ከመሬት የወጣ ቅልጥ አለት ፈስሶ የውኃውን መውጫ ዘጋው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወረወረውም እንዲህ ካለው የቅርብ ዘመን አለት ላይ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ድርቅ ቶሎ ይደፍረዋል። ተመራማሪዎች ከወለሉ ቆፍረው ያወጡት ደለል እንደሚያሳየው፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ።

ደቅና ጎረቤቱ ዳጋ ከዚህ ሐይቅ መካከል ብቅ ያሉ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ናቸው። ነጭ አሸዋ ፈልጎ የሚሄድ አያገኝም፤ ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱን አንሥተው ቢያገላብጡት እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያወጣ ነው። ምክንያቱም ይመሳሰላል፦ ቅልጡ ሳይረጋ ውስጡ የነበረው ጋዝ ሲወጣ ቀዳዳውን ትቶ ሄዷል። ማዕበሉ ለዘመናት ያሻሸው ግን ለስልሷል፤ ሲረጥብ ያሟልጫል፣ ጫማ ሳያወልቁ መራመድ ይሻላል።

በድንጋዩ መካከል ደንገል ይበቅላል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ታንኳ ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከአገልግሎት በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

በደቅ ምዕራባዊ ጫፍ ናርጋ ሥላሴ አለች። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። በሥዕሎቿ መካከል እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ወደ ናርጋ ሴቶችም ይገባሉ፤ የአፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንዶች ብቻ ነው።

ከጠዳ የሚነሣ ሰው ወደ አዘዞ ተመልሶ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞው በጀልባ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላምና የጀልባውን ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያይል ጀልባ የሚሻለው በጠዋት ነው። በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ ስላለ ዳር ዳሩን መዋኘትም ሆነ እግር ነክሮ መቀመጥ አይመከርም።

በጉዞው ላይ ልብ የሚባለው ነገር የሁለቱ ዳርቻዎች ልዩነት ነው። የደቅ ዳር ድንጋይ ነው፤ በሰሜን ያለው የደምቢያ ዳር ደግሞ ጭቃና ረግረግ። የደቅን ያመጣው እሳት ነው፤ የደምቢያን ያመጡት ወንዞች ናቸው። ከእነሱ አንዱ መገጭ ነው፤ ከጎንደር ተራሮች ወርዶ፣ በአዘዞና በጠዳ መካከል አልፎ፣ ከእርሻችን የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ጣና ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ መታየቱ ሲነገር ስሙ ቀድሞ የተነሣው የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር፤ አፈርና ማዳበሪያ የተደላደለለት ጥልቀት የሌለው ውኃ ለአረሙ ይመቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። የደቅን ድንጋይ ማንም አይለውጠውም። የሰሜኑ ዳርቻ ግን እርከን ሲሠራና ገደላገደሉ ዛፍ ሲለብስ ይሻሻላል፤ ይህ ሥራ የሚጀመረውም ጠዳን ከበው ባሉት ማሳዎች ላይ ነው።