ሳይወርሱት የተረከቡት፦ የኮርኒሽ ቋንቋ ባለአደራዎች

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሾሎ በገባው በኮርንዎል ምድር የኮርኒሽ ቋንቋ ነገር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የዶሊ ፔንትሪዝ ስም ነው። ማውዝል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ዓሣ ስትቸረችር የኖረችው ይህች ሴት በ1777 መገባደጃ ስትሞት ቋንቋውም አብሯት ተቀበረ ተባለ። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1860 የናፖሊዮን የወንድም ልጅ የሆነው የቋንቋ አጥኚው ልዑል ሉዊ ሉሲየን ቦናፓርት በፖል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላት። ዶሊ ግን ቋንቋውን ተናገረችው እንጂ ለቋንቋው ብላ የሠራችው ሥራ የለም፤ ይጠበቅባትም አልነበረም። ኮርኒሽን ለዛሬ ያበቁት ሌሎች ናቸው። አብዛኞቹ ቋንቋውን ከእናታቸው አፍ አልሰሙትም፤ ከፊሎቹ ጭራሽ በኮርንዎል አልተወለዱም። ከመካከላቸው የሙዚየም ሠራተኛ አለ፣ የመርከብ ሞዴል የሚሠራ ሠዓሊ አለ፣ ከሳሴክስ የመጣ መምህር አለ፣ ካርዲፍ ያደገች ዘፋኝ አለች። ይህ ከውጭ መምጣታቸው ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይነሣባቸዋል። እኔ ግን ቋንቋው የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ደጋፊዎቹ እርስ በርስ የተናከሱትም በዚሁ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ኮርኒሽ ከዌልስ ቋንቋና በፈረንሳይ ብረታኝ ከሚነገረው ብረቶን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ይበልጥ የሚቀርበው ለብረቶን ነው። በመካከለኛው ዘመን በፔንሪን ከተማ አጠገብ በ1265 የተመሠረተው የግላስኒ ኮሌጅ ካህናት ሕዝቡን ለማስተማር በኮርኒሽ ሃይማኖታዊ ተውኔቶችን ይጽፉ እንደነበር ይታመናል፤ «ኦርዲናሊያ» የተባሉት ሦስት ተያያዥ ተውኔቶች የመጡት ከዚያ ወገን ነው። ኮሌጁ በ1548 በፕሮቴስታንት ተሐድሶው ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝኛው የጸሎት መጽሐፍ በግዴታ ሲመጣ ኮርንዎል ከጎረቤቷ ዴቨን ጋር ዐመፀች፣ ዐመፁም በሺዎች ደም ታፈነ። ዐመፀኞቹ ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱ ከመካከላቸው እንግሊዝኛ የማያውቁ መኖራቸው ነበር። ይሁን እንጂ የጠየቁት የላቲኑ ሥርዓት እንዲመለስላቸው ነበር፤ በኮርኒሽ እንቀድስ ያለ አልነበረም። የዌልስ ሰዎች በ1588 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አገኙ፤ ኮርንዎል አላገኘችም። ቋንቋው መድረኩን አጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አጥቶ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተገፋ ሄደ፤ በመጨረሻ የቀሩት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ተቆርቋሪዎች ብቅ ያሉት በዚህ የማብቂያ ሰዓት ነው። የቆርቆሮ ማዕድን ጉዳዮችን የሚመለከተው ፍርድ ቤት ምክትል ሹም የነበረው ዊልያም ስኮውን ቋንቋው ለምን እየሞተ እንደ ሄደ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ጻፈ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የኒውሊን ነጋዴው ኒኮላስ ቦሰን ነው። ልጅ ሳለ እናቱ የቤቱ አሽከሮችና ጎረቤቶች በኮርኒሽ እንዳያናግሩት ከልክላ ነበር። ቋንቋውን የለመደው ጎርምሶ፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በንግድ ሲገናኝ ነው፤ ኋላም ስለዚሁ ቋንቋ በዚሁ ቋንቋ አጭር ድርሳን ጻፈ። እንግዲህ ኮርኒሽ ገና በሕይወት ሳለ እንኳ ጠበቃ የሆነለት ሰው በቤቱ ተከልክሎ በውጭ የተማረው ነው። ጓደኞቹ ጆን ኬግዊንና ዊልያም ግዋቫስም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ አሮጌ ብራና ይተረጉማሉ፣ እርስ በርስ በኮርኒሽ ይጻጻፋሉ። ወደ እነርሱ በ1700 ገደማ የመጣው ዌልሳዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሉይድ ደግሞ ወራት ቆይቶ የሰማውን ድምፅ ራሱ በፈጠረው የአነባበብ ፊደል መዘገበ፤ በ1707 ባሳተመው «አርኬዮሎጂያ ብሪታኒካ» ውስጥም የኮርኒሽ ሰዋስው አካተተ። ዛሬ ስለ ኮርኒሽ አነባበብ አፍ ሞልቶ መናገር የሚቻለው በአብዛኛው ይህ እንግዳ ሰው ጆሮው ስለ ሰላ ነው። በ1790 ሐኪሙ ዊልያም ፕራይስ የእነ ግዋቫስን ድካም በራሱ ስም አሳተመው። ሌብነት ነው፤ ለቋንቋው ግን ጠቀመ።

ስለ «የመጨረሻዋ ተናጋሪ» የሚነገረው ተረትም እንዲሁ ከውጭ በመጣ ሰው የተሠራ ነው። ዶሊን ያገናት በ1768 ኮርንዎልን የጎበኘው የሕግ ሰውና የጥንት ነገር አሳሽ ዴንስ ባሪንግተን ነው። ዶሊ ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1776፣ ዊልያም ቦዲናር የሚባል የዚያው መንደር ዓሣ አጥማጅ ለባሪንግተን በኮርኒሽና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ልጅ ሆኖ ከሽማግሌዎች ጋር ባሕር ሲወርድ ቋንቋውን እንደ ተማረ፣ በመንደሩም ከአራት አምስት ሰው በላይ የሚያውቀው እንደሌለ ነገረው። ቦዲናር እስከ 1789 ኖረ። በ1891 የሞተው የዜነሩ ጆን ዴቪም ጥቂት ያውቅ ነበር ይባላል። አንድን ቋንቋ በአንዲት አሮጊት ሬሳ ሳጥን ውስጥ መቅበር ለወሬ ይመቻል፤ ጉዳቱ ግን ሰዉ ሁሉ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን አምኖ እጁን እንዲያጣጥፍ ማድረጉ ነው። እጁን ያላጣጠፈ አንድ ሰው ተገኘ።

ሄንሪ ጄነር በ1848 በኮርንዎል ሴንት ኮለም ሜጀር ቢወለድም የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የብራናዎች ክፍል ነው። በ1875 ከኒውሊን ቄስ ከላክ ሺርማ ጋር ሆኖ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ቁጥሮችንና የተበታተኑ ቃላትን ለቀመ። በ1877 በሙዚየሙ አንድ የጥንት የመሬት ሰነድ ሲያገላብጥ በጀርባው የተጻፈ የኮርኒሽ ግጥም አገኘ፤ ስለ ጋብቻ የሚናገር፣ በቋንቋው ከተረፉት ጽሑፎች እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። (ከመቅደላ የተዘረፉት የእኛ ብራናዎች የተቀመጡት በዚያው ቤት ነበር፤ ዊልያም ራይት የግዕዝ መጻሕፍቱን ካታሎግ ያሳተመውም በዚያው በ1877 ነው። አንዱ የጠፋ ቅርሱን ያገኘበት ጣሪያ ለሌላው ቅርሱ የታሰረበት ነበር።) ጄነር በ1904 «የኮርኒሽ ቋንቋ መማሪያ» ተብሎ ሊጠራ የሚችለውን መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በዌልስ ካርናርቨን በተካሄደው የኬልት ሕዝቦች ጉባኤ ኮርንዎል እንደ አንድ የኬልት ሕዝብ እንድትቆጠር ተከራክሮ አስወሰነ። የኮርንዎል ሰው ለምን ኮርኒሽ ይማር ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ባጭሩ የኮርንዎል ሰው ስለሆነ ነው የሚል ነበር። ጥቅም አልቆጠረም፣ ገበያ አልጠቀሰም። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከቀረቡት ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል፤ ቋንቋው ለእንጀራ የማይሆን መሆኑን ሳይደብቅ ክርክሩን ወደ ማንነት ስለሚያዞረው።

ከጄነር በኋላ ሥራውን የተረከበው ሮበርት ሞርተን ናንስ በ1873 በካርዲፍ ከኮርንዎላውያን ወላጆች ተወለደ። ሠዓሊ ነበር፤ ስለ መርከብ ሞዴሎች የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም በሙያው ይጠቀሳል። በ1920 በሴንት አይቭስ የመጀመሪያውን የ«ጥንታዊት ኮርንዎል» ማኅበር መሠረተ፤ የማኅበሩ መፈክር ጌታ አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ ስለ ተረፈው ፍርፋሪ ካዘዘው ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉን በእውነት ፈጸሙት፦ የባሕር ቃላት፣ የመንደር ተረት፣ የሰኔ አጋማሽ የደመራ ልማድ፣ የቀረ ነገር አልነበረም። ናንስ ግን ከመልቀም አልፎ ሰፋ። ከመካከለኛው ዘመን ተውኔቶች አጻጻፍ ተነሥቶ አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት አበጀ፣ የጎደለውን ቃል ከብረቶንና ከዌልስ እየተበደረ ሞላ፣ በ1929 መማሪያ በ1938 መዝገበ ቃላት አሳተመ። አብሮት የሠራው ኤ. ኤስ. ዲ. ስሚዝ የሳሴክስ ተወላጅ ነበር፤ አስቀድሞ የዌልስ ቋንቋ አስተማሪ፣ ኋላ በኮርኒሽ የትሪስታንና የኢሶልት ታሪክ በግጥም የደረሰ። ናንስ ቋንቋውን እንዲጻፍ ካደረገው፣ እንዲወራ ያደረገው ስሚዝ ነው። ከ1930ዎቹ ወጣቶች ደግሞ ኢ. ጂ. ሬታላክ ሁፐር ቋንቋውን በካምቦርን ይመራው ወደነበረው ትምህርት ቤት አስገባ። ፔጊ ፖላርድ የምትባለው የጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዘመድ ካምብሪጅ ሳንስክሪት ተምራ፣ ኮርንዎል ገብታ በኮርኒሽ ተውኔት ጻፈች፤ በትርፍ ጊዜዋ ጭምብል አጥልቀው ለአሮጌ ሕንፃዎች ጥበቃ ገንዘብ ከሚያደርሱ ሴቶች አንዷ ነበረች።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ የሚያነሣው ነገር አለ፤ ቀላልም አይደለም። በ1928 በቦስከውን ኡን የድንጋይ ክበብ ጄነርን ታላቅ ባርድ አድርጎ የተቋቋመው ጎርሴዝ የተባለው የባለቅኔዎች ጉባኤ ሥርዓቱን የቀዳው ከዌልስ ነው፤ የዌልሱም በ1792 ኢዮሎ ሞርጋንግ በለንደን ኮረብታ ላይ የፈጠረው እንጂ ከጥንት የወረደ አይደለም። ሰማያዊ ካባ ለብሰው የሚያጅቡት ሥርዓት የትናንት ድርሰት መሆኑ እውነት ነው። የታሪክ ምሁሩ ፊሊፕ ፔይተን የሚያቀርበው ትችት ደግሞ ጠለቅ ይላል፦ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድኑ ሲወድቅ፣ ቆፋሪው ወደ ደቡብ አውስትራሊያና ወደ ሜክሲኮ ሲሰደድ፣ እነ ጄነር የኢንዱስትሪውን ዘመን ዘለው ከተሐድሶ በፊት ወደነበረች ኬልታዊትና ካቶሊካዊት ኮርንዎል አማተሩ። ሕዝቡ ሜቶዲስት ነበር፤ ጄነር ደግሞ የተሻሩትን የስቱዋርት ነገሥታት ዘር የሚናፍቅ ሰው። ቆፋሪው በዚህ ውስጥ ራሱን ባያይ አይፈረድበትም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ከዚህ ተነሥቶ እንቅስቃሴው የጥቂት ምሁራን ጨዋታ ነበር ማለት የጎደለ ፍርድ ነው። የናንስ ማኅበራት የሰበሰቡት የቆፋሪውንና የዓሣ አጥማጁን አነጋገር ጭምር ነው። ከጎርሴዙ ሰዎች መካከል ሪቻርድ ጄንኪን በ1951 በሬድሩዝ የተመሠረተውንና በመጀመሪያ በሄለና ቻርልስ የተመራውን ሜቢዮን ከርኖው የተባለ የፖለቲካ ድርጅት ካቆሙት አንዱ ሆነ፤ ባለቤቱ አን ትሬቨነን ጄንኪን በ1997 የመጀመሪያዋ ሴት ታላቅ ባርድ ስትሆን፣ በዚያው ዓመት የ1497ቱን ዐመፅ አምስት መቶኛ ዓመት ለማሰብ ከኮርንዎል እስከ ለንደን የተደረገውን የእግር ጉዞ ካደራጁት አንዷ ነበረች። ያ የ1497 ዐመፅ የተነሣው በግብር ጉዳይ ነበር፤ መሪዎቹም አንጥረኛና የሕግ ሰው ነበሩ። ካባው የተፈጠረ ቢሆንም ካባ ለባሾቹ የቆሙበት መሬት የተፈጠረ አልነበረም።

የባሰው ጠብ የተነሣው ከውስጥ ነው። ቋንቋን ከእናቱ የተቀበለ ሰው የትኛውን ዘመን ልከተል ብሎ አይጠይቅም፤ ከመጽሐፍ የተቀበለ ግን መምረጥ አለበት። ጄነር ቋንቋው ከተቋረጠበት ከአሥራ ሰባተኛውና ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ለመቀጠል ፈለገ። ናንስ ወደ መካከለኛው ዘመን ተመለሰ። በ1980ዎቹ የውቅያኖስ ሳይንስ መምህሩ ኬን ጆርጅ የጥንቱን ድምፅ በስሌት መርምሮ አዲስ አጻጻፍ አቀረበ፤ በ1967 የተቋቋመው የቋንቋ ቦርድም ተቀበለው። ሪቻርድ ጌንዳል የተባለው መምህርና የዜማ ደራሲ ይህን ጥሎ ወደ እነ ቦሰንና ወደ ሉይድ ዘመን ኮርኒሽ ሄደ። በደብሊን የአየርላንድን ቋንቋ ያስተማረው ኒኮላስ ዊልያምስ ደግሞ በ1995 የናንስን አርሞ ሌላ አወጣ፤ በ2011 የታተመውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመውም እርሱ ነው። ከጥቂት መቶ ሰው በማይበልጥ ማኅበረሰብ አራት አጻጻፍ! ለመሳቅ ይመቻል። ነገር ግን ጠቡ ስለ ፊደል ብቻ አልነበረም፤ ከሙታን መካከል የትኛውን መምህራችን እናድርግ የሚል ነበር፣ ወራሽ ለሌለው ንብረት ተረካቢ ሲበዛ የማይቀር ነገር ነው። ብሪታንያ በ2002 ቋንቋውን በአውሮፓ የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ሥር ስትቀበል ገንዘቡ፣ ትምህርቱና የመንገድ ስሙ አንድ አጻጻፍ ጠየቀ። በ2008 የጋራ የጽሑፍ ደንብ ላይ ተስማሙ፤ ደንቡም ለየወገኑ አንዳንድ አማራጭ ትቶለታል። ብልህ ስምምነት ነው፤ ማንም አሸናፊ ተብሎ አልወጣምና።

ጌንዳል በአጻጻፍ ባያሸንፍም በዜማ አሸንፏል። ብሬንዳ ዉተን የምትባለው ዘፋኝ ዘፈኖቹን ከኮርንዎል አልፎ በብረታኝና በፈረንሳይ መድረኮች አሰማች። በእኛ ዘመን ግዌኖ ሶንደርስ ካርዲፍ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ቲም ሶንደርስ በኮርኒሽ የሚገጥም ባለቅኔ፣ በ2018 «ሌ ኮቭ» የተባለ ሙሉ በሙሉ በኮርኒሽ የተዘፈነ አልበም አወጣች፤ በ2022 ያወጣችው «ትሬዞር» ለሜርኩሪ ሽልማት ታጨ። ከእነ ቦሰን ጀምሮ ካየናቸው ሰዎች የምትለየው በአንድ ነገር ነው፦ እሷ ቋንቋውን ከአባቷ አፍ ሰምታዋለች። አባቷ በልጅነቱ ከማንም ቤት አልሰማውም፤ ተምሮ ያመጣውን ለልጁ አወረሳት።

የመጨረሻው ተቃውሞ የቁጥር ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ኮርኒሽ ዋና ቋንቋዬ ነው ያሉት 557 ሰዎች ነበሩ። በ2014 የኮርንዎል ሕዝብ እንደ ብሔራዊ አናሳ እውቅና ቢያገኝም፣ በ2016 መንግሥት ለቋንቋው በዓመት ይሰጥ የነበረውን 150,000 ፓውንድ አቋረጠ። ለዚህ ያህል ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ይወጣል ለሚል ሰው መልሱ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ማሳየት ነው። ጄነርና ላክ ሺርማ ኒውሊን ላይ ሲጠይቁ ያገኙት ቁጥር መቁጠር የሚችሉ ጥቂት አዛውንቶችን ነው። ዩኔስኮ ራሱ በ2009 ቋንቋውን ከጠፉት መዝግቦ ነበር፤ ተናጋሪዎቹ ሲጽፉለት በ2010 መዝገቡን አርሞ በጽኑ አደጋ ላይ ካሉት መደበው። ዛሬ ልጆቻቸውን በኮርኒሽ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነዚህ ልጆች የየትኛው ዘመን ኮርኒሽ ይሻላል የሚለው ክርክር የወላጆቻቸው ጉዳይ ነው፣ እነርሱ የሚናገሩት ቤት ውስጥ የሰሙትን ነው።