1,298 ሲሲ፦ የካ አባዶ እየኖረ መኪና ለሚመርጥ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ የቤት መኪና የሚፈልግ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ይጠይቃል። ደላላው አስራ አምስት ይላል፤ ሻጩ አስራ ስምንት ይላል፤ አብሮ የመጣው መካኒክ ራሱን ይነቀንቃል። ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ያ ቁጥር እንደ መንገዱ፣ እንደ ጭነቱና እንደ ነጂው እግር ይለዋወጣልና። የማይለዋወጠው ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተሩ መጠን ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እየኖረ በየቀኑ በአያትና በሲኤምሲ አድርጎ መገናኛ፣ ከዚያም ቦሌ ወይም ሜክሲኮ ለሚወርድ ሰው ይህን ቁጥር በቅጡ ማወቅ የወር ወጪውን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

1.3 ሊትር ሞተር ያላትን ቶዮታ ቪትስ እንውሰድ። ኮፈኗ ሲከፈት የምናገኘው፣ ቶዮታ 2ኤንዜድ ብሎ የሰየመው ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ወርድ 75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ከታች እስከ ላይ 73.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። አራቱ ፒስተኖች በዚህ ጉዞ የሚጠርጉት ቦታ ሲደመር 1,298 ሲሲ ይሆናል። 1.5 ሊትር የሚባለው ወንድሙ፣ 1ኤንዜድ፣ የሲሊንደሩ ወርድ ያው 75 ነው፤ የፒስተኑ ጉዞ ግን 84.7 ሚሊ ሜትር ነው። 11.2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች የጉዞ ልዩነት ሞተሩን ወደ 1,497 ሲሲ ታደርሰዋለች።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ሞተር በመሠረቱ አየር የሚስብ መሣሪያ ነውና። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል፤ የመኪናዋ ኮምፒውተርም የገባውን አየር እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። ሰፊ ሞተር በአንድ ዙር ብዙ አየር መሳብ ይችላል፤ ጉልበቱ ከዚያ ይመጣል፣ የነዳጅ ፍላጎቱም ከዚያው። ነጂው ነዳጅ መስጫውን ባይረግጥ እንኳ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ የሚበላው ነዳጅ አለ፤ ይህም ከሞተሩ ስፋት ጋር አብሮ ይጨምራል።

እዚህ ላይ የከተማችንን ከፍታ መርሳት አይገባም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ጃፓን ውስጥ 87 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የቪትስ 1.3 ሞተር እዚህ 70 አካባቢ ቢያወጣ ነው። 70 ገደማ ያለው የ1.0 ሞተር ደግሞ ወደ 55 ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 1.3 የገዛ ሰው በጉልበት ረገድ ጅቡቲ ላይ 1.0 ከሚነዳው ጋር እኩል ነው። ውጭ አገር ሆነው «ለከተማ 1.0 ይበቃሃል» የሚሉ ዘመዶች የሚመክሩት ከልባቸው ነው፤ የሚያውቁት ከተማ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ጎዳናችን በ1.3 መኪና የተሞላው ግን በከፍታው ምክንያት አይደለም፤ በግብሩ ነው። የኤክሳይስ ታክስ ሕጋችን መኪናን በሦስት ሲከፍል ቆይቷል፦ እስከ 1,300 ሲሲ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ፣ ከዚያም በላይ። በቀድሞው ሕግ ታክሱ በቅደም ተከተል 30፣ 60 እና 100 በመቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለአዲስ መኪና የመጀመሪያውን ወደ 5 በመቶ አወረደው፣ ሌሎቹን በ60ና በ100 ተዋቸው፣ ያረጁት ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ጣለ። የቶዮታ 1,298 ሲሲ ሞተር ያንን መስመር በ2 ሲሲ ያመልጣል። በኋላ የመጣው፣ ገበያው እሱንም «1.3» የሚለው 1,329 ሲሲ ሞተር ግን ከመስመሩ በላይ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሊብሬው ነውና አይቶ መግዛት ይገባል። በራይድና በፈረስ ሥራ ላይ የምናያት ሱዙኪ ዲዛየር በ1,197 ሲሲ ከመስመሩ በታች ናት። ለእነዚህ መኪኖች መለዋወጫ በየሱቁ የሚገኘውና ማንኛውም ጋራዥ ደፍሮ የሚፈታቸው ብዛታቸው ስላስለመዳቸው ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ስሌቱ እንዲቀል ሊትሩን በ100 ብር እንያዘው፤ አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ያስተካክለው። ከየካ አባዶ ሥራ ቦታ ደርሶ መልስ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ቢሆን 1,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደንብ የተያዘ የቤንዚን መኪና በከተማ ትራፊክ ውስጥ በእኔ ግምት 1.0 ከሆነ በሊትር 15፣ 1.3 ከሆነ 13፣ 1.6 ከሆነ 10፣ 2.0 ከሆነ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የወሩ ሒሳብ ለ1.0 ወደ 6,700 ብር፣ ለ1.3 ወደ 7,700 ብር፣ ለ1.6 10,000 ብር፣ ለ2.0 12,500 ብር ይመጣል።

እዚህ ሒሳብ ውስጥ ብዙ ገዢ የማያየው ነገር አለ። ከ8 ወደ 10 መውጣትም ከ13 ወደ 15 መውጣትም ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ግን በወር 25 ሊትር ያተርፋል፤ ሁለተኛው 10 ሊትር ብቻ። በትንንሾቹ መኪኖች መካከል «ያቺ አስራ አምስት ትሄዳለች፣ ይቺ አስራ ሦስት» እያሉ መጨቃጨቅ የሚያስገኘው በሥራ ቀን 40 ብር ነው። ከ2.0 ወደ 1.3 መውረድ ግን በዓመት ከ57,000 ብር በላይ ኪስ ውስጥ ያስቀራል። ስለዚህ ትልቁ ውሳኔ ያለው 1.6ና ከዚያ በላይ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ላይ ነው። 1.0 ወይስ 1.3 የሚለውን ከነዳጁ ይልቅ የቤተሰቡ ቁጥርና የሚኬድበት መንገድ ቢወስኑት ይሻላል።

የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ጠዋት ምን እንደሚመስል የካ አባዶ የኖረ ያውቀዋል። አባት ይነዳል፣ እናት ጎኑ ናት፣ ሁለት ልጆች ከነቦርሳቸው ከኋላ፣ አንድ ጎረቤት ደግሞ «እግረ መንገዳችሁን መገናኛ አድርሱኝ» ብሎ ገብቷል። አምስት ሰው የጫነች 1.0 ዳገት ሲገጥማት ማርሽ ታወርዳለች፤ ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይጨምርም። በዚህ ሰዓት ኮምፒውተሩ ለጉልበትና ሞተሩ እንዳይግል ብሎ ከ14.7ቱ ልክ አልፎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ቁጠባው እዚያው ይቀራል። ያቺው 1.0 አንድ ሰው ብቻ ይዛ ሜዳ ላይ ስትሄድ ግን የሚያክላት የለም። በዓል ሲደርስ በለገጣፎ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ያስፈልገዋል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናትና አየሩ ከአዲስ አበባውም ይሳሳል፤ ጭነቱ ከነዶሮው ነው፤ ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍም ጉልበት ይጠይቃል። እዚያ መንገድ ላይ ጉልበት የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ትራፊኩም አለ። ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል፤ ኤሲ ከተከፈተ ይብሳል። በአያትና በመገናኛ መካከል በድምሩ በቀን አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው በወር ከ12 እስከ 25 ሊትር አንድ ሜትር ሳይሄድ ያቃጥላል። 12 ሰዓት ላይ የሚወጣና 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚወጣ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መኪና ይዘው ፍጆታቸው የሚለያየው ለዚህ ነው።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ገበያው የሚዞረው በአብዛኛው ቀድሞ የገባው ላይ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ይዞታ ከሲሲው እኩል ይመዝናል። ካንዴላው ያለቀ፣ የአየር ፊልትሮው የታፈነ፣ የጎማው ንፋስ የወረደ 1.0 ከጤነኛ 1.3 በላይ ይበላል። በተለይ ቴርሞስታቱን ይጠይቁ። ሞተር እንዳይግል ብለው አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን በቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ቆጥሮ ቤንዚን ሲጨምር ይውላል። የደጋ ከተማ ጠዋት ላይ ይህ ጉዳት ይከብዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የሳሳ አየር ጉልበቱን አይነካውም፣ ትራፊክ ላይ ሲቆም ሞተሩ አይበላም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ከመግዛቱ በፊት ማታ ማታ የት እንደሚሞላ ማወቅ አለበት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ ለቆመ መኪና በቀላሉ አይደርስም። ይህ መልስ ካገኘ ምርጫው ለከተማ ጥሩ ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚመላለስ፣ ከከተማ ለማይወጣ 1.0 ይበቃል። ለየካ አባዶ ቤተሰብ በደንብ የተያዘች 1.3 ማኑዋል ትመረጣለች። 1.8ና ከዚያ በላይ ሥራው ገጠር ለሚያስገባው ሰው ይሁን። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን ሻጩን አስፈቅደው አንድ ነገር ያድርጉ፦ ማደያ ገብተው ታንኩን አፉ ድረስ ያስሞሉ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ፣ በየቀኑ የሚጭኑትን ሰው ሁሉ ጭነው የሥራ መንገድዎን በሥራ ሰዓት ደርሰው ይመለሱ። ከዚያ እዚያው ማደያ እንደገና ያስሞሉና የሄዱትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ያካፍሉ። የአንድ ቀን ልክ ፍጹም አይሆንም፤ ቢሆንም በራስዎ መንገድና በራስዎ ጭነት የተገኘ ስለሆነ ከደላላው ቁጥር ይልቅ እሱን ይመኑ።