«ፑት ኦፍ» እና «ኮል ኦፍ»

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ፑት» አስቀመጠ፥ «ኮል» ጠራ ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን «ኦፍ» የምትባለው ትንሽ ቃል ስትከተላቸው ትርጓሜያቸው ይለወጣል፤ ስለ ስብሰባ ሲነገር «ፑት ኦፍ» ወደ ሌላ ቀን አስተላለፈ፥ «ኮል ኦፍ» ግን ጨርሶ ሰረዘ ማለት ነው።

ደብዳቤ የሚተረጕም ጸሐፊ ሁለቱን ቢያደባልቅ፥ አለቃው ለተሰረዘው ስብሰባ በከንቱ ይደክማል፤ ወይም ለተላለፈው ሳይዘጋጅ ቀኑ ይደርስበታል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አንድ ግሥ ሆነዋል። ስለዚህ ተማሪው ግሡን ከነተከታዩ እንደ አንድ ቃል ያጥና፤ «ኢት» የሚለው ተውላጠ ስም በመካከል ይገባልና፥ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» እንዳይል ይጠንቀቅ።