ረቂቅ የማያሳዩ ጎበዞች

አሳይመንት አዘግይተው ከሚያስገቡልኝ ተማሪዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሰነፎች አይደሉም። ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቁት፣ ዶርም ውስጥ ሌላውን የሚያስጠኑት እነሱ ናቸው። «የት ደረሰ?» ስላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «መምህር፣ ገና አላለቀም።» «የደረሰበትን አሳዩኝ» ካልኩ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ። ከዚያ በመጨረሻው ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ፋይሉ በቴሌግራም ይደርሰኛል።

ተማሪ ሳለሁ እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩ፤ ዛሬ ወረቀት አራሚ ነኝ። ነገሩን ከሁለቱም በኩል ስላየሁት ትንሽ ልጻፍበት።

ይህ ባሕርይ ፐርፌክሽኒዝም ይባላል። ብዙ ሰው ከጉብዝና ጋር ያምታታዋል። ለሥራ ኢንተርቪው የገባ ሰው እንኳ «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ፐርፌክሽኒስት ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያወድስበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ጥሩ ሥራ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ያልገባውን ይዞ ቢሮ ድረስ ይመጣል። ፐርፌክሽኒስቱ ያልገባው ነገር መኖሩ እንዲታወቅበት አይፈልግም። የመጀመሪያው የሚጨነቀው ለሥራው ነው፤ ሁለተኛው ለስሙ።

🔹 ከየት መጣ?

ካናዳውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፖል ሂዊት እና ጎርደን ፍሌት እ.ኤ.አ. በ1991 ፐርፌክሽኒዝምን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ሰው ከራሱ እንከን የለሽነትን ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ከሌሎች ሲጠብቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሌሎች ከእኔ የሚጠብቁት እንከን የለሽነትን ነው» ብሎ ሲያምን ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቶማስ ኩራን እና አንድሪው ሂል፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2016 በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ከ40 ሺህ የሚበልጡ የኮሌጅ ተማሪዎች የሞሉትን መጠይቅ አሰባስበው ሲያነጻጽሩ፣ በፍጥነት ያደገው ሦስተኛው ሆኖ አገኙት። ጭማሪው 33 በመቶ ነው።

ጥናቱ የእነሱ አገር ይሁን እንጂ ሦስተኛውን ዓይነት ለማወቅ እኛ መጠይቅ መሙላት አያስፈልገንም። ሪፖርት ካርዳችን ላይ ከአማካይ ውጤት ቀጥሎ «ደረጃ» የሚል መስመር አለ። ልጅ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ሁለተኛ የወጣ ልጅ አንደኛው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። እንዲህ እያለ 12ኛ ክፍል ይደረሳል። የ2014 ዓ.ም.ን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት አልፎ የመጣ ተማሪ ሰፈሩ የመረቀው፣ ዘመድ አዝማድ ስሙን የሚያነሳው ልጅ ነው።

ግቢ ሲገባ ግን በአንድ ክፍል የተሰበሰቡት ሁሉ ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ የነበሩ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አንድ ሰው 40ኛ መሆኑ የግድ ነው። የመጀመሪያው ሚድ ከ30 14 ሆኖ ሲለጠፍ፣ ለሌላው ውጤት ብቻ የሆነው ቁጥር ለዚህ ልጅ የማንነት ጥያቄ ይሆንበታል። ቤት ሲደውሉለት «ደህና ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል። መደበቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

🔹 ለምን ያዘገያል?

ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳብራሩት፣ ሥራን ማዘግየት የሰዓት አጠቃቀም ችግር ብቻ አይደለም፤ ከመጥፎ ስሜት ለጊዜው መሸሻ ነው። ባዶ ገጽ የከፈተ ፐርፌክሽኒስት የሚያየው ገና ያልጻፈውን ወረቀት ሳይሆን የሚሰጠውን ፍርድ ነው። ፋይሉን ሲዘጋው ይቀለዋል። ስለቀለለው ነገም ይዘጋዋል።

ማዘግየት ከዚህ የባሰ አንድ ስውር ጥቅምም አለው። ስቲቨን በርግላስ እና ኤድዋርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያጠኑት ጉዳይ ነው፦ ሰው ችሎታው እንዳይለካበት አስቀድሞ ራሱ መሰናክል ያበጃል። በአንድ ሌሊት የተሠራ ወረቀት ዝቅተኛ ማርክ ቢያገኝ «በአንድ ሌሊት ሠርቼው እኮ ነው» ማለት ይቻላል። ሁለት ሳምንት የተለፋበት ወረቀት ዝቅ ካለ ግን ማመካኛ የለም። ስለዚህ ሌሊቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ጋሻ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የደረሰኝን ወረቀት ማርክ እሰጠዋለሁ እንጂ ላቃናው አልችልም።

🔹 «ግሬድ ምን ያደርጋል» አልላችሁም

ያደርጋል። የሥራ ማስታወቂያው «ሲጂፒኤ 3.00 እና ከዚያ በላይ» እያለ፣ የዋርኒንግና የዲስሚሳል ስጋት ከነሕይወቱ እያለ፣ ቤተሰብ ከሌለው ላይ ቆርሶ እየላከ «ዘና በሉ» ማለት ቀልድ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ፍርሃቱ ራሱ ግሬዱን ይበላል። የሚከተሉት እኔም የተጠቀምኩባቸው፣ ተማሪዎቼም ላይ ሲሠሩ ያየኋቸው ናቸው።

1️⃣ ሂሳቡን ሥሩት። በጠቅላላው 150 ክሬዲት ሰዓት ባለው ፕሮግራም የአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ውጤት ከኤ ወደ ቢ ቢወርድ፣ ከመመረቂያ ነጥባችሁ የሚቀነሰው 0.02 ነው። 3.60 የነበረው 3.58 ይሆናል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ኤ ፕላስም ኤም ሁለቱም 4.00 ናቸው፤ ከ86 ወደ 93 ለመውጣት የሚጠፋው እንቅልፍ ትራንስክሪፕት ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ያ ሰዓት የሚያስፈልገው እየወደቃችሁበት ላለው ኮርስ ነው።

2️⃣ ከመጀመራችሁ በፊት መቆሚያውን ወስኑ። ኸርበርት ሳይመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው፣ ሰዎች የሚበልጠውን ለማግኘት ሁሉንም አስሰው ሳይሆን «ይበቃል» የሚያሰኝ መስፈርት አስቀምጠው ያንን ሲያገኙ እንደሚቆሙ አስተምሯል። «ሦስቱ ጥያቄዎች ሲመለሱ፣ ምንጮቹ ሲጠቀሱ፣ አንድ ጊዜ ሲታረም አስገባለሁ» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። አራሚ የሚፈልገውን ልንገራችሁ፦ ጥያቄው ተመልሷል? መንገዱ ታይቷል? መደምደሚያው ከማስረጃው ጋር ይሄዳል? የከቨር ፔጁን ፎንት ስትቀያይሩ ያደራችሁበት ሰዓት የማርክ መስጫው ላይ ቦታ የለውም።

ጥንቃቄ የማያልቅበት ቦታ እንዳለም አትርሱ። የመድኃኒት መጠን የምታሰሉ የጤና ተማሪዎች፣ የሕንፃ ጭነት የምታሰሉ ኢንጂነሮች፣ እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። እዚያ ላይ የሚበቃችሁ ጉልበት እንዲኖራችሁ ነው ሌላውን «ይበቃል» የምትሉት።

3️⃣ ሳያልቅ አሳዩ። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለመምህር አትውሰዱት፤ ለምታምኑት የዶርም ጓደኛ ግማሽ ገጽ አንብቡለት። ቀጥሎ ለአድቫይዘራችሁ ላኩ። ስትልኩም «እንዴት ነው?» አትበሉ፤ እንደዚያ ሲባል የሚሰማው «እኔን እንዴት አየኸኝ?» የሚለው ነው። «የጥናቱ ጥያቄ ግልጽ ነው ወይ?» ወይም «ሁለተኛው አንቀጽ መረጃ ይጎድለዋል ወይ?» በሉ። መልሱ ስለ ወረቀቱ ይሆናል እንጂ ስለ እናንተ አይሆንም። በቀይ እስኪርቢቶ የተሞላ ፕሮፖዛል ሲመለስላችሁም አትደንግጡ፤ አድቫይዘር ጊዜውን የሚያጠፋው ተስፋ ያለው ሥራ ላይ ነው።

4️⃣ ወደ ምዕራፍ አምስት ሂዱ። የፐርፌክሽኒስት ሃንድአውት ከሩቅ ይታወቃል፦ ምዕራፍ አንድ ከዳር እስከ ዳር ተቀልሟል፣ ምዕራፍ አምስት እንደ አዲስ ነው። «በደንብ ሳይገባኝ አላልፍም» እያለ አንደኛውን ሦስት ጊዜ ሲያነብ ፋይናሉ ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ደግሞ የዓመታቱን ኮርሶች በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እዚያ የሚያሳልፈው የሁሉም ምዕራፍ መካከለኛ ዕውቀት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በስሱ አንብቡ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አጥልቁ።

5️⃣ ስለወደቃችሁበት ፈተና ራሳችሁን ይቅር በሉ። ማይክል ዎል፣ ቲሞቲ ፒቺል እና ሻነን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናት በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለቀጣዩ ያዘገዩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኛ ራስን መውቀስ ያተጋል ብለን ነው ያደግነው። የተወቀሰ ሰው ግን ከወቃሹ ይሸሻል፤ ወቃሹ ራሱ ሲሆን የሚሸሸው ከመጽሐፉ ነው።

🔹 ከዚህ ሲያልፍ

እንቅልፍ ከሳምንታት በላይ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ክፍል መግባት ካስፈራ፣ በተለይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ጉዳዩ የጥናት ዘዴ አይደለም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። በብዙ ግቢዎች የምክር አገልግሎት አለ፤ ከሌለ የተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ዲን ቢሮ ግቡ። የጓደኛችሁን ሁኔታ ካያችሁም «ቴንሽን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አብራችሁት ሂዱ።

በመጨረሻ ለሥራ ባልደረቦቼ። ተማሪው ረቂቁን የሚደብቀው እኛም የምንቆጥርለት ያለቀውን ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ከተከታታይ ምዘናው 50 ማርክ ውስጥ 5ቱን ላላለቀ ረቂቅ መድቤአለሁ። ማርኩ የሚሰጠው ለጥራቱ አይደለም፤ በጊዜው ለመታየቱ ነው። ጎበዞቹ መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋቡ፣ «ያላለቀ ማለት ምን ያህል ያላለቀ?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ግን ይልካሉ፤ ስህተቱንም ማቃናት የሚቻልበት ጊዜ ላይ አብረን እናየዋለን። መምህራን ከሆናችሁ ሞክሩት። ተማሪዎች ደግሞ መምህራችሁ ይህን ባያደርግም ፕሮፖዛላችሁን ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ፤ አብዛኞቻችን ከምታስቡት በላይ ደስ ይለናል።