የመበለቲቱ ማዕድና የመዝገብ ቤቱ አገልጋይ

ሁዳዴው ተፈጽሞ፣ ሌሊቱ በጸሎትና በዝማሬ ነግቶ፣ ቤተ ሰብ ሁሉ ለትንሣኤ ማዕድ በሚሰበሰብበት ሰዓት በብዙ ቤቶች አንድ ባዶ መቀመጫ ይገኛል። ቄጤማው እንደ ወትሮው ተጎዝጉዟል፤ ዶሮ ወጡም ከምድጃው ወርዷል። ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራ ግን፣ በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው፣ የወታደር ልብስ ከለበሰበት ፎቶግራፍ በቀር በቤቱ የለም። የዘመቻ ታሪክ በበዛባት አገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የትንሣኤ ሰሞን ብዙ ጊዜ ከሚያዝያ 27ቱ የአርበኞች ድል መታሰቢያ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ስለ ጀግኖቻችን ብዙ ይነገራል፤ የአበባ ጉንጉንም ይቀመጣል። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮስ የዘማቹን ሚስትና ልጆች፣ አካሉ ጎድሎ የተመለሰውንም ወታደር የሚያስታውሳቸው ማን ነው?

ሰባቱ አገልጋዮች

የሐዋርያትን ሥራ ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ይህ ጥያቄ ከትንሣኤው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በኢየሩሳሌም ተነሥቶ ነበር። ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶች ችላ ተባሉ፤ ማጉረምረምም ተሰማ። ሐዋርያት ይህን አቤቱታ እንደ ትንሽ ነገር አልቆጠሩትም። መልካም ስምና ጥበብ ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጫኑባቸው። ከሰባቱ የመጀመሪያው ቀዳሜ ሰማዕት የምንለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ለሰማዕትነት የበቃው ሰው አስቀድሞ የተሾመው መበለቶችን ለማስተናገድ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ትረካው በመበለቶቹ ላይ የታሰበ ክፋት ነበረ አይልም። በቋንቋ የተለዩትን እንግዶች ስም በስም የሚከታተል ሰው አልነበረም። መፍትሔውም ሥራውን በኃላፊነት የሚይዝ ታማኝ ሰው ማቆም ሆነ።

ከማደሪያ መሬት እስከ ጡረታ መብት

በአገራችንም ወታደሩና ቤተ ሰቡ የሚኖሩበት ሥርዓት ብዙ ደረጃዎችን አልፏል። በቀድሞው ዘመን የዘማቹ ደመወዝ ማደሪያ መሬት ነበር፤ ባለ መሬቱ ሲሞት የሚስቱና የልጆቹ ዕድል ባብዛኛው በሹሙ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 እና በ1955 ዓ.ም. የተከተለው አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኛውን ጡረታ በሕግ ሲያቋቁሙ፣ ችሮታ የነበረው ነገር መብት ሆነ።

በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው አዋጅ ቁጥር 714 ይህን መብት በዝርዝር አስፍሮት ነበር። የሟች ሚስት የጡረታውን 50 ከመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 ከመቶ፣ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ ልጅ 30 ከመቶ እንዲያገኙ ደነገገ። በሟች ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ አባትና እናትም እንዳይረሱ ለእያንዳንዳቸው 15 ከመቶ መደበላቸው። መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛው የሚያዋጣው እስከ 11 ከመቶ ሲደርስ፣ ለወታደሩ የሚያዋጣው እስከ 25 ከመቶ ከፍ እንዲል መደረጉ፣ የወታደርን ኑሮ አደጋ ሕጉ ራሱ እንደ መዘነው ያሳያል።

ወረቀት የሌላት መበለት

ይሁን እንጂ በአዋጅ የተጻፈ መብት ራሱ እግር አውጥቶ ከባለ መብቷ ቤት አይሄድም። ከገጠር የመጣች፣ ባለቤቷ በግዳጅ ላይ የወደቀባትን እናት እናስብ። የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ትጠየቃለች። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጋብቻው በካህንና በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ፣ የልጁም ልደት ከክርስትና ካርድ በቀር በሌላ ጽሑፍ ያልሰፈረ ቤት እጅግ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሟች በሕይወት ሳለ በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያሰፈረው የሚስትና የልጆች ስም ትልቅ ዋጋ ያገኛል።

ሞቱ ያልተረጋገጠ ወታደር ቤተ ሰብ መከራ ደግሞ የባሰ ነው። ዕዝን ተቀምጣ ተስካር አታወጣ፤ ይመለሳል ብላም በሙሉ ልብ አትጠብቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል በአንቀጽ 154 ደንግጓል። ይህን መንገድ የምታውቅ የወታደር ሚስት ግን ስንት ናት?

ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው የመንግሥት ሠራተኛ ሚና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ማስረጃሽ አልተሟላም፤ ሌላ ጊዜ ነይ» ብሎ መመለስ ይችላል። የጎደለው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚገኝ በምትረዳው ቋንቋ ነግሮ፣ ማኅደሩን አገላብጦ፣ ቅጹንም ሞልቶ መሸኘትም ይችላል። በሁለቱም ሕጉ አልተጣሰም። የመጀመሪያው ግን እናቲቱን ለሌላ የትራንስፖርት ወጪ፣ ለሌላ የባዳ ቤት ማደሪያ ይዳርጋታል፤ ሁለተኛው ለልጆቿ እንጀራ ይዛላቸው እንድትገባ ያደርጋታል።

የተመለሰውስ?

በሕይወት የተመለሰውም አገልጋይ ያሻዋል። ሰኔ 1983 ዓ.ም. የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ሲመሠረት፣ ከ400 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ወደ ሲቪል ኑሮ መመለስ ነበረባቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑ ተሰናብተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ የእርሻ መሬት፣ በሬ፣ ሙያ፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ ከሁሉም በላይ ሌሊት የሚያባንነውን ትዝታ የሚሰማለት ሰው የሚሻ ወንድም አለ።

የውለታን ዕድሜ ለማወቅ የቃኘው ሻለቃን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ከደረሱት ጀምሮ በየተራ የዘመቱት ሻለቆች ከ120 የሚበልጡ ጓዶቻቸውን ቢያጡም፣ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ከዚህም አልፎ በቶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቁመዋል። ከጦር ሜዳው ግርግር መካከል የሙት ልጅ ዕንባ ታይቷቸዋል ማለት ነው። ኮሪያውያንም በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ ሐውልት ከማቆማቸው ሌላ፣ ለዘማቾቹና ለቤተ ሰቦቻቸው በሕክምናና በትምህርት ውለታ መላሾች ሆነዋል።

ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ በዓል ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። በሠራዊቱ ውስጥ ልጅ ወይም ባል ያለው ቤተ ሰብ የሕይወት ታሪክ ቅጹ መታደሱን ይጠይቅ፤ የጋብቻና የልደት ማስረጃውን በአንድ ሣጥን ያስቀምጥ። ማንበብ የሚችል ጎረቤት፣ የማትችለዋን መበለት እስከ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ይሸኛት። በመዝገብ ቤት የተቀመጠውም ወገን፣ የሚያገላብጠው ማኅደር የአንድ ቤት የፋሲካ ማዕድ መሆኑን አይዘንጋ። መበለቶችን ያስተናግድ ዘንድ የተመረጠው እስጢፋኖስም ሥራውን የጀመረው ከእንዲህ ያለ ማዕድ ነበር።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።